ከአንድ ፓውንድ ሦስት ፔንስ

ሳሙኤል ሆምፍሬይ በጋብቻ የቀናው ሰው ነበር። ሚስቱ ጄን ከደቡብ ዌልስ ትልልቅ ባለርስቶች አንዱ ከሆነው ከሞርጋን ቤተሰብ የተወለደች ናት፤ ቤተሰቡ ኒውፖርት ከተማ አጠገብ ትሬዲጋር በሚባል ሰፊ ግቢ ይኖር ነበር። ሆምፍሬይ ራሱ ከመርተር ቲድቪል የመጣ ብረት አቅላጭ ሲሆን ውርርድ ይወድ ነበር። በ1804 የሪቻርድ ትሬቪቲክ የእንፋሎት ሞተር በሐዲድ ላይ አሥር ቶን ብረት ይጎትታል ብሎ 500 ጊኒ ያስያዘው እሱ ነው። በ1800 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ ከአማቶቹ ርስት ላይ፣ ሰርሃዊ የተባለው ትንሽ ወንዝ በሚወርድበት ሸለቆ ራስጌ፣ መሬት በኪራይ ያዘ። በቦታው ለበቀለችው ከተማም የአማቶቹ ግቢ ስም ተሰጣት። እንግዲህ ትሬዲጋር በውል ወረቀት የተወለደች ከተማ ናት። ንጉሥ አልቆረቆራትም፤ ገዳምም ሆነ ገበያ አልነበራትም።

ከዚያ በፊት በቦታው የነበረው በግ፣ አጃና የተበታተኑ ጥቂት የገበሬ ቤቶች ነበሩ። ብረት አቅላጮችን የጠራቸው ከመሬቱ ሥር የነበረው ነገር ነው፤ የብረት ድንጋይ፣ የድንጋይ ከሰልና ኖራ ድንጋይ ተቀራርበው ይገኛሉ፤ ውኃውም ከተራራው ይወርዳል። ቀድሞ ብረት የሚቀልጠው በእንጨት ከሰል ስለነበር አንድ ምድጃ ደን ይጨርስ ነበር። በ1778 እዚያው ሸለቆ ውስጥ የተተከለው የሰርሃዊ ምድጃ ግን በሞንማውዝሽር አውራጃ በእንጨት ከሰል ፋንታ ኮክ፣ ማለትም ጭሱ የወጣለት የድንጋይ ከሰል፣ በመጠቀም የመጀመሪያው ሆነ። የሆምፍሬይ ምድጃዎች ይህንኑ ተከተሉ። በዚያ ዘመን ከሰሉ የብረቱ አሽከር ነበር፤ የሚቆፈረውም ምድጃው የሚበላውን ያህል ነው። በ1805 በፈረስ የሚጎተት ጋሪ የሚሄድበት ሐዲድ እስከ ኒውፖርት ወደብ ተዘረጋ፤ ከዚያ በኋላ የትሬዲጋር ብረት ባሕር ተሻገረ።

ሰውም ጎረፈ። ከምዕራብ ዌልስ ገጠር ዌልሽኛ ተናጋሪዎች፣ ከድንበሩ ማዶ እንግሊዞች፣ ኋላም ረኃብ ያባረራቸው አየርላንዶች መጡ። ቤቱን የሠራው ኩባንያው ነው፤ ጎን ለጎን እንደ ግንብ የተጣበቁ፣ ለመኝታ እንጂ ለኑሮ ያልታሰቡ ረጃጅም ረድፎች። ሱቁም የኩባንያው ነበር። ደመወዝ የሚከፈለው ሳምንታት እየቆየ ስለሆነ ሠራተኛው እስከዚያ ድረስ ከኩባንያው ሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ የደመወዙ ቀን ሲደርስ ዱቤው ተቀንሶ ትራፊው ይሰጠዋል። ትራፊ ካለ። ፓርላማው ይህን አሠራር በ1831 በሕግ ከለከለ፤ ብረት አቅላጮቹ ግን የሚያመልጡበትን ቀዳዳ አላጡም። በኅዳር 1839 ከእነዚህ ሸለቆዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የመምረጥ መብት ጠይቀው፣ ዝናብ እየመታቸው ወደ ኒውፖርት ሲወርዱ ከተነሡበት ምክንያት አንዱ እንዲህ ያለው ኑሮ ነበር። ዌስትጌት ሆቴል ደጃፍ ወታደሮች ተኮሱባቸው፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ከጥይቱ ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው ግን ውኃው ነው። ከተማዋ የተሠራችው ለምድጃ ስለሆነ ቦይና ሽንት ቤት ያሰበ አልነበረም። ኮሌራ በ1832 መጣ፤ በ1849 ደግሞ ከፋ። በ1849 በጎረቤቷ መርተር ቲድቪል ብቻ ከ1,400 በላይ ሰዎች አለቁ። ትሬዲጋር የሞቱባትን ሰዎች በመካከሏ ለመቅበር ፈራች። ከከተማው በላይ ኬቨን ጎላይ በሚባል ነፋሻ ሜዳ ላይ፣ ከቤትም ከቤተ ክርስቲያንም ርቆ፣ ለኮሌራ ሙታን ብቻ የሚሆን መቃብር ተከለለ። ዛሬም አለ። ድንጋዮቹ ጎብጠዋል፤ ግማሾቹ ወድቀዋል፤ በጎች በመካከላቸው ይግጣሉ። በዌልሽኛና በእንግሊዝኛ የተቀረጹትን ጽሑፎች እየተከተለ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ የሞቱባቸው ቀኖች ተቀራራቢ ናቸው፤ ወሩም ብዙ ጊዜ ነሐሴ ነው።

የምዕተ ዓመቱ አጋማሽ የኩራት ዘመን ነበር። በ1851 ለንደን ውስጥ ለተዘጋጀው ታላቅ ዐውደ ርእይ ትሬዲጋር የምትልከው ነገር ፈለገች። ጆን ጆንስ የተባለ፣ መንደርተኛው «ትልቁ ቆፋሪ» የሚለው ሰው፣ 15 ቶን የሚመዝን አንድ ወጥ የከሰል ድንጋይ ፈልፍሎ አወጣ። ሲወጣ ጉድ ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን እንዴት ለንደን ይድረስ? መንገድ ላይ መሰበሩ እንደማይቀር ሲታወቅ ጉዞው ቀረ። ድንጋዩ የኩባንያው ሥራ አስኪያጆች በሚኖሩበት በቤድዌልቲ ቤት ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1858፣ የሥራ አስኪያጁ የሚስተር ዴቪስ ባለቤት ባዛር አዘጋጅታ ባሰባሰበችው ገንዘብ በከተማው መሐል አደባባይ ላይ የብረት ሰዓት ማማ ቆመ። ቁመቱ 72 ጫማ ነው፤ ከ20 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ፈረቃ የሚጠብቅ ሕዝብ ሰዓት እንዳይጠፋው ከዚህ የበለጠ ማሳሰቢያ አያስፈልገውም።

ከዚያ አሽከሩ ከሰል ጌታ ሆነ። በብረት ፋንታ ርካሽ አረብ ብረት መጣ፤ ለእሱ የሚስማማው ማዕድን ደግሞ ከስፔን በመርከብ የሚመጣው ስለሆነ ፋብሪካ ሁሉ ወደ ባሕር ዳር መጠጋት ጀመረ። በተራራ ላይ የተቀመጡት ምድጃዎች አንድ በአንድ ቀዘቀዙ። የዓለም መርከቦች ግን የዌልስን ከሰል ይፈልጉ ነበር፤ ጭሱ ትንሽ፣ እሳቱ ብርቱ ነው። በ1873 የተቋቋመው የትሬዲጋር የብረትና የከሰል ኩባንያ ስሙ ብረትን ቢያስቀድምም ትርፉ ከከሰሉ ነበር። ጉድጓዶቹ ጠለቁ፤ ጋዙም በዚያው ልክ በረታ። በ1865 በቤድዌልቲ ጉድጓድ የፈነዳው ጋዝ 26 ጎልማሶችንና ልጆችን ገድሏል። ደቡብ ዌልስ በሙሉ ጫፍ ላይ የደረሰው በ1913 ነው፤ በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 57 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ከሰል ወጣ፤ ከመሬት በታችና በላይ የሚሠራውም ሰው ከ230,000 በላይ ነበር።

ስለ ትሬዲጋር የሚጽፉ ሰዎች ከዚህ ቀጥለው ወደሚያኮራው ምዕራፍ ይዘላሉ። እኔ ግን በሐምሌ 1882 የሆነውን መዝለል አልወድም። በዚያ ወር የከተማው ሰው በአየርላንዳውያን ጎረቤቶቹ ላይ ተነሣ። ቤታቸው ተሰበረ፤ ዕቃቸው መንገድ ላይ ወጥቶ ተቃጠለ፤ በመቶ የሚቆጠሩት ልጆቻቸውን ይዘው ከከተማ ወጡ። ከሁለት ወር በፊት ደብሊን ውስጥ በእንግሊዝ ባለሥልጣናት ላይ የተፈጸመው ግድያ ሰበብ ሆኖ ነበር፤ ከሥሩ ግን የቆየ ቅሬታ አለ። አየርላንዳዊው ባነሰ ደመወዝ ይሠራል፣ ካቶሊክ ነው፣ ሠፈሩ የብቻው ነው ይባል ነበር።

ያው ሕዝብ ከስምንት ዓመት በኋላ የሠራው ሥራ ነው የከተማዋን ስም ያስጠራው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኩባንያዎቹ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ለሐኪም እያሉ የሚቆርጡት ገንዘብ ነበር። ሐኪሙን የሚመርጠውና የሚቀጥረው ግን ኩባንያው ነው። ሠራተኛው ይከፍላል፤ ሐኪሙ ለኩባንያው ይታዘዛል። የተጎዳው ሰው ወደ ሥራ ለመመለስ በቅቷል ወይስ አልበቃም የሚለው ክርክር ሲነሣ ሐኪሙ ለማን እንደሚያደላ መገመት አያዳግትም። የደቡብ ዌልስ ሠራተኞች ይህን ገንዘብ ከኩባንያው እጅ አውጥተው ራሳቸው ማስተዳደር ጀመሩ። በትሬዲጋር በ1890 የሕክምና ርዳታ ማኅበር ተቋቋመ። አንባቢ እድርን ቢያስብ አይሳሳትም፤ ልዩነቱ ይህ ማኅበር ለቀብር ሳይሆን ለበሽታ የሚደርስ መሆኑ ነው። ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ስብሰባው ላይ ጠብም አይጠፋም።

መዋጮው ከእያንዳንዱ ፓውንድ ደመወዝ ላይ ሦስት ፔንስ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ፓውንድ 240 ፔንስ ስለሆነ ከመቶው አንድ ከሩብ ማለት ነው። ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይከፍላል፤ የሚያገኙት ሕክምና ግን አንድ ነው። የሠራተኛው ሚስትና ልጆች አብረው ይታከማሉ፤ ከሰል ቆፋሪ ያልሆነ የከተማው ነዋሪም ከፍሎ መግባት ይችላል። ማኅበሩ ሐኪሞችና የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ቀጠረ፤ መድኃኒት ቀማሚ፣ ነርሶችና የጥርስ ሐኪምም አመጣ። መነጽርና ሰው ሠራሽ እግር ይሰጥ ነበር። ከአቅሙ በላይ የሆነ በሽተኛ ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ሲላክ የባቡሩን ሒሳብ ይችላል። ጽሕፈት ቤቱ ከሰዓቱ ማማ ትይዩ፣ በአደባባዩ ቁጥር 10 ነበር። በ1904 ደግሞ ከተማዋ የራሷን ሆስፒታል ከፈተች። በ1940ዎቹ አጋማሽ ከ24,000 የከተማው ነዋሪ 22,800 የሚሆነው በዚህ ማኅበር ይታከም ነበር።

ማኅበሩን ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነበር የሚባለው ዴቪድ ቤቫን የተባለ ከሰል ቆፋሪ ነው። ዌልሽኛ ተናጋሪ፣ መጥምቃዊ፣ ግጥምና ዜማ ወዳድ ሰው ነበር። ባለቤቱ ፊቢ አሥር ልጆች ወልዳለች፤ ሁሉም አላደጉም። በኅዳር 1897 በቻርልስ ጎዳና ባለ አራት ክፍል ቤት ውስጥ የተወለደውን ልጅ አናይሪን አሉት፤ ሰው ግን ናይ ብሎ ነው የሚጠራው። ይንተባተባል። ትምህርት ቤት አልወደደም፤ ትምህርት ቤቱም አልወደደውም። በ13 ዓመቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ታይ ትሪስት ወደተባለው ጉድጓድ ወረደ።

በዚያው ዓመት፣ በ1911፣ የ1882ቱ ነገር በሌላ ሕዝብ ላይ ተደገመ። ነሐሴ ነው፤ ሙቀቱ ለዚያ አገር ያልተለመደ ነው፤ የባቡር ሠራተኞች አድማ ላይ ናቸው፤ በቀደመው ዓመት የጀመረው የሮንዳ ሸለቆ ቆፋሪዎች አድማ በሽንፈት እያበቃ ነበር። ነሐሴ 19፣ ቅዳሜ ማታ፣ ወጣቶች ተሰብስበው የትሬዲጋርን አይሁድ ሱቆች መስበር ጀመሩ። በዚያ ሸለቆ አይሁድ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ ሱቅ አላቸው፤ ዱቤ ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ ቤት ያከራያሉ። የዘመኑ ዜና እንደሚለው ከሰባሪዎቹ መካከል የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚዘምሩ ነበሩ። ብጥብጡ ወደ ኤቡ ቬል፣ ወደ ረምኒና ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ ሳምንት ያህል ቆየ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ወታደር ላከ። ሰው አልሞተም። ስለ አነሣሡ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የሃይማኖት ጥላቻ ነው የሚሉ አሉ፤ በባለሱቅና በአከራይ ላይ የተነሣ ቁጣ ነው የሚሉም አሉ። ሱቁ ለተሰበረበት ሰው ልዩነቱ ብዙ አልነበረም። እኔን የሚያስገርመኝ የጊዜው መገጣጠም ነው። በዚያች ቅዳሜ የሕክምና ማኅበሩ 21 ዓመቱ ነበር፤ የሰባሪዎቹም የባለሱቆቹም ልጆች ሲታመሙ ሐኪም የሚገኘው በዚያችው አደባባይ ነው።

ናይ ቤቫን ቀን ከሰል እየፈለፈለ ማታ ያነባል። የሠራተኞቹ ቤተ መጻሕፍት ከደመወዝ በሚቆረጥ ፔኒ የቆመ ሲሆን መደርደሪያው ከብዙ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት የተሻለ ነበር፤ ኋላ መጽሐፍ የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ራሱ ገባ። ምላሱን ለመፍታት ወደ ተራራው ወጥቶ ብቻውን ግጥም ያወርድ ነበር ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለውትድርና ሲፈለግ በጨለማ ሥራ የሚመጣ የዓይን በሽታ ስለነበረበት ቀረ። የሠራተኛ ማኅበሩ ልኮት ከ1919 እስከ 1921 ለንደን ተማረ። ሲመለስ ኩባንያው ሥራ ከለከለው፤ ሦስት ዓመት ያህል ያለ ሥራ ተቀመጠ። ሥራ ፈት የሆኑት እሱና ጓደኞቹ የጥያቄ ክበብ አቋቋሙ፤ ደረታቸው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ዓርማ ያደርጉ ነበር። ክበቡ ወሬ ብቻ አልነበረም። አባላቱ ተነጋግረው አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ፣ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱ በሆስፒታሉ ኮሚቴ እየገቡ ከተማዋን በእጃቸው አስገቡ። ቤቫን በ1922 የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ከዚያም የሆስፒታሉ ኮሚቴ ውስጥ ገባ።

በእነዚያው ዓመታት የሕክምና ማኅበሩ የቀጠረው አንድ ስኮትላንዳዊ ወጣት ሐኪም ነበር፤ ኤ. ጄ. ክሮኒን ይባላል። ከ1921 እስከ 1924 በትሬዲጋር ሠራ፤ ከዚያ የማዕድን ጉድጓዶች የጤና መርማሪ ሆኖ አቧራ ሳንባን እንዴት እንደሚጎዳ አጠና። በ1937 «ዘ ሲታደል» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ፤ በዓመቱ ፊልም ሆነ። ልብ ወለዱ የእንግሊዝን አንባቢ ለሕክምና ለውጥ አዘጋጅቷል ይባላል። ይሁን እንጂ ማኅበሩን ያሞገሰ መጽሐፍ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ ያለው ወጣት ሐኪም በአቧራ ላይ ያደረገውን ምርምር የማያውቁ የኮሚቴ አባላት ስለ ሙከራ እንስሳት ይከሱታል፤ ተናዶ ሥራውን ይለቃል። ሐኪሞች በከሰል ቆፋሪዎች ኮሚቴ ፊት ቆመው መጠየቅ ይጎመዝዛቸው እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ዴቪድ ቤቫን በየካቲት 1925 ሞተ። ሳንባው በከሰል አቧራ ሞልቶ ነበር። ትንፋሽ እያጠረው፣ በልጁ እቅፍ ውስጥ ነው ያረፈው። ካሳ አልተከፈለውም፤ የሥራ ጉዳት ካሳ ሕጉ የከሰል ቆፋሪን የሳንባ በሽታ ገና የሥራ በሽታ ብሎ አልቆጠረውም። የሕክምና ማኅበሩ ሐኪም ሊያመጣለት ችሏል፤ አቧራውን ከሳንባው ሊያወጣ ግን አልቻለም።

በማግስቱ ዓመት ግንቦት ላይ የከሰል ባለቤቶች ደመወዝ ቀንሰው፣ የሥራ ሰዓት ጨምረው፣ አልቀበልም ባለው ላይ በሩን ዘጉ። የሌሎች ሙያዎች ሠራተኞች ለድጋፍ ዘጠኝ ቀን አድማ መትተው ተመለሱ። ቆፋሪዎቹ ብቻቸውን እስከ ኅዳር ድረስ ቆዩ። በትሬዲጋር ለተራበው ቤተሰብ ምግብ የሚያከፋፍለውን ሥራ ያቀናጀው ቤቫን ነበር። በመጨረሻም ረኃብ አሸነፈ፤ ባነሰ ደመወዝ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ጨርሶ አልተመለሱም። በ1929 ቤቫን ኤቡ ቬል የተባለውን የምርጫ ክልል፣ በውስጡም ትሬዲጋርን፣ ወክሎ ፓርላማ ገባ። የ1930ዎቹን ሥራ አጥነት በዝርዝር መጻፍ አያስፈልግም፤ ጉድጓዶቹ ሳምንቱን ሙሉ አይሠሩም፤ ወጣቱ ወደ እንግሊዝ ፋብሪካዎች ይሄዳል።

ጦርነቱ አልቆ በሐምሌ 1945 የሌበር ፓርቲ ሲያሸንፍ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌመንት አትሊ ቤቫንን የጤና ሚኒስትር አደረገው። 47 ዓመቱ ነበር፤ ከካቢኔው በዕድሜ ትንሹ። በ1946 የወጣው ሕግ ሆስፒታሎቹን በሙሉ፣ የበጎ አድራጎቱንም የማዘጋጃ ቤቱንም፣ ከ2,600 በላይ የሆኑትን ወደ መንግሥት አዛወረ። የሐኪሞች ማኅበር ተቃወመ። በየካቲት 1948 ሐኪሞቹ ድምፅ ሲሰጡ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እምቢ አሉ። ቤቫን ስፔሻሊስቶቹን በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ የግል ታካሚ እንዲያዩ በመፍቀድ፣ ጠቅላላ ሐኪሞቹን ደግሞ የመንግሥት ደመወዝተኛ አላደርጋችሁም በማለት አለዘባቸው። ሐምሌ 5 ቀን 1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። የሚሠራው ትሬዲጋር ከአንድ ትውልድ በላይ ያገኘችውን ጥቅም ለአገሩ ሁሉ ማዳረስ ብቻ እንደሆነ፣ አገሪቱን በሙሉ ትሬዲጋር እንደሚያደርጋት ቤቫን ተናግሮ ነበር።

ይህ ግማሹ እውነት ነው። ሕክምናው ሲያስፈልግ በነፃ መገኘቱ፣ የቤተሰቡ ሁሉ መታከም፣ ከአቅም መክፈሉ ከትሬዲጋር ሄዷል። ያልሄደው ኮሚቴው ነው። የደቡብ ዌልስ የሕክምና ማኅበራት በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ቦታ እንዲሰጣቸው ጠይቀው ነበር፤ አልተሰጣቸውም። ሐኪሙን የሚቀጥረው፣ ሲያጠፋ የሚገሥጸው የቆፋሪዎች ጉባኤ ሥልጣኑ አበቃ። ገንዘቡ ከግምጃ ቤት መጣ፤ ውሳኔውም ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ቤቫን ይህን ያደረገው ሳያውቅ አይመስለኝም፤ ክሮኒን የጻፈውን ጠብ ከውስጡ ያየ ሰው ነው። ዋጋው ግን ዋጋ ነው፤ ከፋዮቹም የገዛ ጎረቤቶቹ ነበሩ።

ከዚያ በፊት፣ ጥር 1 ቀን 1947፣ ጉድጓዶቹም ወደ መንግሥት እጅ ገብተው ነበር። በየጉድጓዱ ደጃፍ ከሰሉ በሕዝብ ስም እንደሚተዳደር የሚገልጽ ሰሌዳ ተተከለ። ለጊዜው ሁሉ ነገር የተሳካ መሰለ። በ1951 ለንደን እንደገና ትልቅ ፌስቲቫል አዘጋጀች፤ ትሬዲጋርም እንደገና ከሰል ፈለፈለች። አሁን ግን ከትናንቱ ተምራ ሁለት ቶን ብቻ ነው ያወጣችው። ሁለቱም ድንጋዮች ዛሬ በቤድዌልቲ መናፈሻ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ጌትስኬል ለኮሪያ ጦርነት ወጪ ሲል በሰው ሠራሽ ጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ጣለ። ቤቫን ሥልጣኑን ለቀቀ። ለመነጽር ብሎ ከካቢኔ መውጣት ለብዙ የለንደን ሰው ቅብጠት መሰለ። የሕክምና ማኅበሩ ለጎረቤቶቹ መነጽር ሲሰጥ ለኖረባት ከተማ ልጅ ግን ክርክሩ ስለ መነጽር አልነበረም። በተከታዩ ዓመት በመድኃኒት ማዘዣ ላይም ክፍያ መጣ።

መጨረሻው ፈጥኖ ደረሰ። በ1959 ታይ ትሪስት ተዘጋ፤ ቤቫን በ13 ዓመቱ የወረደበት ጉድጓድ ነው። በሰኔ 1960 የሰርሃዊ ሸለቆ መንገደኛ ባቡር ቀረ። ሐምሌ 6 ቀን 1960 ቤቫን በካንሰር ሞተ፤ አመዱ ከትሬዲጋር በላይ ባለው ተራራ ላይ ተበተነ። ወንበሩን ማይክል ፉት ወረሰ፤ ከትሬዲጋር የተወለደው ኒል ኪኖክ ደግሞ በ1983 እሱን ተክቶ የሌበር ፓርቲ መሪ ሆነ። ከሁለት የፓርቲ መሪዎች አንዱን የወለደች፣ ሌላውን ያሳደረች ትንሽ ከተማ ሌላ ቦታ ካለ አላውቅም። ስም ግን ሥራ አይሆንም። የትሬዲጋር ሰዎች ከሰል ለመቆፈር በአውቶቡስ ወደ ታችኛው ሸለቆ ሄዱ፤ በ1984 እና 1985ቱ ትልቅ አድማ ሌሎች ሁሉ ሲሸነፉ አብረው ተሸነፉ፤ በ1989 ኦክዴል የተባለው ጉድጓድ ተዘጋ። በጎረቤት ያለው የኤቡ ቬል አረብ ብረት ፋብሪካም በ2002 ተዘጋ። የከሰል ጥራጊ ተራሮች ተስተካክለው ሣር ለበሱ፤ አንዱ ቦታ ሐይቅ ያለው መናፈሻ ሆኗል፤ ሰው ዓሣ ያጠምድበታል። ከአውሮፓ ኅብረት ብዙ ገንዘብ ከተቀበሉት አካባቢዎች አንዱ የሆነው፣ ትሬዲጋር የምትገኝበት ወረዳ በ2016 ከኅብረቱ እንውጣ ብሎ ከዌልስ ሁሉ በላይ፣ 62 በመቶ ድምፅ ሰጥቷል። ለንደን ያሉ ጋዜጠኞች ምስጋና ቢስነት ነው አሉ። ፋብሪካ የጠየቀ ሰው መንገድና መናፈሻ ሲሰጡት ምን ማለት እንዳለበት ግን አልነገሩንም።

ጤናውን በተመለከተ፣ የዌልስ ጉዳይ ከ1999 ጀምሮ በካርዲፍ ባለው ምክር ቤት እጅ ገብቷል። በ2009 ለደቡብ ምሥራቅ ዌልስ የተቋቋመው የጤና ቦርድ በአናይሪን ቤቫን ስም ተሰየመ፤ በአደባባዩ ቁጥር 10 ያለው የድሮው ጽሕፈት ቤትም ታሪኩን የሚያሳይ ሙዚየም ሆኗል። የመድኃኒት ማዘዣ ክፍያው ከሚያዝያ 1 ቀን 2007 ጀምሮ በዌልስ ቀርቷል። ዛሬ በትሬዲጋር ማዘዣ ይዞ መድኃኒት ቤት የገባ ሰው የሚከፍለው የለም፤ የሰቨርንን ድልድይ ተሻግሮ ብሪስቶል የሚኖር ሰው ግን ነፃ ከሚደረጉት ወገን ካልሆነ ለእያንዳንዱ መድኃኒት አሥር ፓውንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይከፍላል።